የፍሪስኮዎች ክሪክ

የቆሻሻ ከረጢቱን አልይዝም አልኩት። አለቃዬ መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም። ጥቁሩን ላስቲክ ከነጓንቱ ወደኔ እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ።

"ማንም አያይሽም እኮ" አለኝ፣ ትልቅ ስጦታ እንደሚሰጠኝ ሁሉ። "የጽዳት ሠራተኛ ትመስያለሽ። በሁሉም ቡድን አጠገብ ስታልፊ ቀና ብሎ የሚያይሽ የለም። እኔ ብሄድ ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ነው ዕቃቸውን ሸራ የሚያለብሱት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አሜሪካ፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። የቤንዚን ዋጋ ሰማይ የነካበት በጋ ነው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው ቤንዚን ብቻ ነበር። የመጋዘኑ አለቃ ደግሞ ለቅዳሜና እሑዱ የመኪና እሽቅድምድም ቡድን ነበረው። ስቶክ ካር ይሉታል፤ ከውጭ ሲያዩት የቤት መኪና የሚመስል፣ ውስጡ ግን ከአንድ ወንበርና ከብረት ቱቦ በቀር ምንም የሌለበት መኪና። ከፎርት ዎርዝ ከተማ ወዲያ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ መሀል ያለች ትንሽ የአስፋልት ቀለበት ላይ ይሽከረከራል። አለቃዬ ሳምንቱን ሙሉ ቤንዚን ተወደደ ብሎ ሲያማርር ይሰነብትና ቅዳሜ ያንኑ ቤንዚን በክብ ሲያቃጥል ይውላል። ይህንን ፊት ለፊት ስነግረው ከልቡ ሳቀ። መሳቅ ያውቅ ነበር፤ ይሄን አልነፍገውም። በአማርኛ ብናወራ በዕድሜው አንቱ እለው ነበር። እንግሊዝኛው አንተ አድርጎ ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩ።

ቡድኑ ውስጥ የገባሁት ሰው ጎድሎበት ነው። ቅዳሜ መጥተሽ ጎማ ታመላልሺልኛለሽ ወይ አለኝ፣ እሺ አልኩ። ትንሽ እንደቆየሁ ግን ልቤን የወሰደው ክሪኩ ሆነ። ውድድሩ ረጅም ሲሆን መኪናው መሀል ላይ ፒት የሚሉት ቦታ ገብቶ ይቆማል፤ ጎማ ይለወጥለታል፣ ነዳጅ ይሞላለታል። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ከፊታቸው ያለችውን አጭር ግንብ ዘለው ይወጣሉ። ከሁሉም ቀድሞ የሚሮጠው ክሪክ የያዘው ነው። እሱ መኪናውን ካላነሳ ማንም ምንም አይሠራም፤ እሱ ካላወረደውም መኪናው አይሄድም። ሹፌሩ እንኳ ሂድ መባሉን የሚያውቀው ጎማው መሬት ሲነካ ነው።

ያን ቦታ ፈለግኩት። ምክንያትሽን ተናገሪ ብትሉኝ ብዙ የለኝም። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የኖርኩት ሌላው ሰው ሥራውን እስኪጨርስ ስጠብቅ ነው። ጽሕፈት ቤት እጠብቃለሁ፣ አውቶቡስ እጠብቃለሁ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት እስኪያልፍ ጥግ ይዤ እጠብቃለሁ። አንድ ቦታ፣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን፣ ሌላው እኔን ይጠብቅ ብዬ ነው።

የኛን ቡድን ክሪክ የሚይዘው የአለቃዬ የልጁ ባል ነበር። ሰውየው በር ያህላል፣ ጠባዩም ክፉ አይደለም። ግን መኪናውን ለማንሳት እጀታውን ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራቴ ይጫናል። ከፍሪስኮ ከተማ የሚመጣው ቡድን ደግሞ አንዴ ነው። አንዴ ይጫናሉ፣ መኪናው ብድግ ይላል። ይሄ ነገር አለቃዬን እንቅልፍ ነሥቶታል። ክሪካቸው ከሩቅ ሲታይ ከኛው በምንም አይለይም፣ ቀለሙ እንኳ አንድ ነው። ሥራቸውን እንደጨረሱ ግን እንደ አራስ ልጅ ይሸፍኑታል።

የሌላውን ቡድን ዕቃ መሰለል እዚያ ነውር አይደለም። ሁሉም ያደርገዋል። አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ አላችሁ ወይ ብሎ ይመጣል፤ አንዱ ውሻ እንደጠፋበት ሰው ከመኪና ሥር እያጎነበሰ ያልፋል፤ ዓይናቸው ግን ያለው በአየር ግፊት የሚሠራው የጎማ መፍቻ ላይ ነው። መፍቻው ስንት አየር እንደሚወስድ፣ ቱቦው የት እንደተቀጠለ፣ ቡሎኖቹ ጎማው ላይ በምን ማስቲሽ እንደተለጠፉ ሁሉ ያያሉ። አይተው ሲመለሱ ደግሞ ለአለቃቸው እንደ ጦር ሜዳ ወሬ በጆሮ ነው የሚናገሩት።

እናም አንድ ቀን አለቃዬ ጠርቶኝ እንዲህ አለ፦ "የዚያን ክሪክ ምስጢር አምጪልኝና በመጨረሻው ረጅም ውድድር ክሪኩን አንቺ ትይዣለሽ።" እጁን ዘረጋ፣ ተጨባበጥን። ከረጢቱን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የጽዳት ሥራ አሳፍሮኝ አይደለም። ታላቅ እህቴ እየሠራችው ስንት ዓመት ያሳደረን ያ ሥራ ነው፤ እኔም ቢሮ ጠርጌ አውቃለሁ። ሥራዬ ቢሆን ከረጢቱን ይዤ ሜዳውን በሙሉ እለቅም ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች አይቶ ያገኘብኝ ጥቅም ሰው የማያየኝ መሆኔን ብቻ ነው። ጓንቱንም ላስቲኩንም የዕቃ መኪናው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ታዲያ እንዴት ልታዪ ነው?" አለኝ።

"በዓይኔ።"

ቤት ገብቼ ነገሩን ለእህቴ ነገርኳት። ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረን ነበር የምንኖረው፤ በአምስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ከሥራ ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

"ስሚኝ" አለችኝ፣ "ቅዳሜ ኦቨርታይም እያለ አንቺ ክሪክ ልትይዢ? ማለቴ ሴት ልጅ እኮ ነሽ። ወገብሽ ቢሰበርስ? ኢንሹራንስ አለሽ?"

"የለኝም፣ እትዬ።"

"ሶ? ቸርች የሚያዩሽ ሰዎችስ? የማን እህት ናት ሲሉ እኔን ነው የሚጠሩት። በዚህ ላይ ደግሞ ሰላይ! በቃ ኮል አድርጊለትና አልመጣም በይው፣ ኦኬ?"

"ኦኬ አይደለም" አልኳት። እህቴን እወዳታለሁ፣ ግን እሷ የምትፈራውን ሁሉ እየፈራሁ ብኖር እስካሁን ከአልጋ አልወርድም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቡድናችንን አረንጓዴ ሸሚዝ ለበስኩ። ጀርባው ላይ የመኪናችን ቁጥር ከሩቅ እንዲነበብ ተደርጎ ተጽፏል። በምሳ ሰዓት ባልዲ ይዤ ሄድኩና ከፍሪስኮዎቹ ቦታ ፊት ለፊት፣ ሁሉም የሚያልፍበት መንገድ ዳር ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ምሳዬን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። የቋንጣ ፍርፍር ነው። ዓይኔን ሸራው ላይ ተክዬ መብላት ጀመርኩ። መደበቅ የለ፣ ማስመሰል የለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አስፋልቱ ከታች ይጠብሳል፣ እኔ ግን ንቅንቅ አልልም አልኩ።

የነሱን ክሪክ የሚይዘው ሰውዬ በዚያ አለፈ። ቀይ ጺም ያለው፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ሰው ነው። አየኝ። እንግዲህ እኛ ዘንድ እየበላ ያለ ሰው ሌላው ሲያልፍ ዝም አይልም፣ እንብላ ይላል። አላፊው ደግሞ ብሉ፣ ጠግቤያለሁ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሰላምታ ማለት ነው፤ ማንም ሰው ከልቡ ሊበላ ብሎ አይቆምም። ከአፌ የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ሳላስበው በእንግሊዝኛ ገልብጬ ና እንብላ አልኩት።

ሰውየው ቆመ። ዕቃውን አጎንብሶ አየ።

"ምንድነው?"

"ሥጋ ነው። የደረቀ።"

"የደረቀ ሥጋ!" አለና ከኋላው ሌላ ባልዲ ስቦ፣ ገልብጦ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

ደነገጥኩ። አንዴ እንኳ እምቢ አላለም! እኛ ሰው የምናበላው ለምነን፣ በሞቴ ብለን፣ ተቆጥተን ነው፤ እሱ ገና የመጀመሪያዋን ቃል ይዞ ገባበት። ሹካዬን ሰጠሁት፣ እኔ በእጄ ቀጠልኩ። ቋንጣውን ከእንጀራው መሀል እየለቀመ ሲያኝክ ዓይኑን ይጨፍናል። በርበሬው ግንባሩን አላበው፣ ጺሙን በክንዱ ጠረገ፣ ግን አላቆመም። ጨርሶ የዕቃውን ጥግ ሲጠራርግ እኔ ገና ከጥቂት ጉርሻ አላለፍኩም ነበር። ምሳዬን በገዛ አፌ አስረከብኩ።

"በጣም ጥሩ ነው" አለኝ። "ምን ልክፈልሽ?"

እግዜር ያየልኝ ይሄኔ ነው። "ክሪክህን አሳየኝ" አልኩት።

ሸሚዜን አየ፣ ከዚያ ፊቴን። "ከማን ቡድን እንደመጣሽ ደረትሽ ላይም ጀርባሽ ላይም ተጽፏል እኮ።"

"አውቃለሁ። የለበስኩት እኔ ነኝ።"

ሳቀና ተነሣ፤ ነይ የሚል ምልክት በጭንቅላቱ ሰጠኝ። ሸራውን ገፈፈው። ቅርብ ሲሆን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። እጀታው ላይ ቱቦ በብየዳ ተቀጥሎለት ከኛው በስንዝር ይረዝማል። መኪናውን የሚነካው አናቱ ላይ ቦይ ተቆርጦበታል፤ መኪናው ጎን ሥር ደግሞ ለዚያ ቦይ ልክ የሆነ አጭር ብረት ተበይዷል። ስለዚህ ክሪኩን የሚገፋው ሰው ጎንበስ ብሎ ቦታ አይፈልግም፣ ራሱ ይገባል። የውስጡን ፓምፕም በትልቅ ቀይረውታል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ያነሳል፣ በዚያው ልክ ግን ሲጫኑት ይከብዳል።

"ለምን አሳየኸኝ?" አልኩት።

"ብታውቁትስ? እናንተ ጋ ይሄን የሚጫን ማን አለ? በክንድ የሚወርድ ነገር አይደለም።" ከዚያ ቁመቴን ለካና ጨመረ፦ "አንቺማ ከላዩ ላይ ተንጠልጥለሽ ትቀሪያለሽ።"

"ልሞክረው።"

ጓደኞቹ ምሳቸውን እንደያዙ ተሰበሰቡ። ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገባሁ፣ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች ተጫንኩ። እንዳለውም ተንጠለጠልኩ። እግሬ ከመሬት ተነሣ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ሳቁ እስከኛ ቡድን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ፊቴ ጋለ። እንዲህ በተናደድኩ ጊዜ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ያን ቀን ግን መልሼ ዋጥኩት።

አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። መጋዘን ውስጥ ከባድ ጭነት ሲይዝብኝ በክንዴ አልታገልም፤ ዳሌዬን አስቀድሜ፣ ሰውነቴን በሙሉ ጥዬበት ነው የማንቀሳቅሰው። እንደዚያው ተወረወርኩበት። ክንዴን አድርቄ፣ ሆዴን እጀታው ላይ ጥዬ ወደቅኩበት ማለት ይሻላል። እጀታው መሬት ድረስ ወረደ፣ የመኪናው ጎን ከነሁለት ጎማው ተነሣ። ሳቁ ቆመ። እኔም ትንፋሼን ስሰበስብ ቆየሁ፤ የጎድን አጥንቴን ያመኝ ነበር፣ ግን ለነሱ አልነገርኳቸውም።

ቀይ ጺሙ መኪናውን አወረደና ሸራውን መልሶ አለበሰ። "አለቃሽ ዕድለኛ ነው" አለኝ። መሳለቁ ይሁን ማድነቁ እስከዛሬ አላወቅኩም፣ ደንታም አልሰጠኝ።

ወደኛ ቦታ ስመለስ አለቃዬ እየሮጠ መጣ። "አየሽው?"

"አየሁት። ነካሁት። መኪናቸውንም አነሣሁት።"

"ንገሪኛ!"

"መጀመሪያ ቱታዬን ስጠኝ።" ግንቡን የሚዘል ሰው እሳት የማይበላው ቱታ ሳይለብስ አይፈቀድለትም። ቱታ ከሌለኝ የጨበጠኝ እጅ ዋጋ እንደሌለው ገብቶኝ ነበር።

አለቃዬ ቀላ። "በኔ አታምኚም ማለት ነው?"

"ቱታውን ስለብስ አምንሃለሁ።"

የልጁ ባል ዞር ብሎ ሳቁን ደበቀ። በመጨረሻ ከዕቃ መኪናው ተሳቢ ውስጥ አንድ ትርፍ ቱታ ወጥቶ ተወረወረልኝ፤ ሁለት እኔን ያስገባል። ተቀበልኩትና ያየሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ቃል ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነው። ቱታውን ቤት ስወስደው እህቴ አየችው። ጠዋት ስነሣ የሱሪው እግርና እጅጌው በልኬ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ እሷ ሥራ ሄዳለች።

አለቃዬ እጀታውን አስረዘመ፣ ፓምፑን አስቀየረ፣ ከመኪናው ሥር ብረቱን አስበየደ። ከሥራ ስንወጣ መጋዘኑ ጀርባ እንለማመድ ጀመር። የልጁ ባል ያ ሁሉ ጉልበቱ ክንዱ ላይ ነው። ፊቱ ደም ይመስላል፣ ሁለቴ ካልተጫነ አይነሣለትም። እኔ አንዴ። አንዳንድ ቀን ይስተኛል፣ ግን ባብዛኛው አንዴ። አሳየሁት፤ ልውደቅበት ወይ ብሎ አፈረ። ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው መውደቅ ይከብደዋል መሰለኝ።

የመጨረሻው ረጅም ውድድር ቀን ደረሰ፤ እሑድ ከሰዓት ነው። መቀመጫዎቹ ሞልተዋል። የአለቃዬ ሴት ልጅና ዘመድ አዝማዱ ከፊት ተደርድረዋል። ቱታዬን ለብሼ፣ ፀጉሬን አስሬ ግንቡ ጋ ስቆም አለቃዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"ስሚ፣ ዛሬ እሱ ይያዘው። ሰው ሁሉ እዚህ ነው። ልጄም እያየች ነው። አንቺን ለሚቀጥለው ዓመት።"

"ቃል ገብተህልኛል።"

"አውቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት አልኩሽ እኮ። ዛሬ ክሪኩን ከግንቡ በዚህ በኩል ይዘሽ ታቀብይዋለሽ።"

አየሁት። ዓይኔን ሸሸ። እንዲህ ዓይነት ንዴት አለ፣ ሰው የሚጮህበት አይደለም፤ ጆሮ ውስጥ ጭው የሚያደርግ። ጥዬ መሄድ አማረኝ። ከዚያ ግን ጥዬ ብሄድ ማን ይጎዳል አልኩ። ምስጢሩ እጁ ገብቷል፣ ክሪኩ እጁ ገብቷል፤ የምጎድለው እኔ ብቻ ነኝ። ቆምኩ።

መኪናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ክሪኩን ለልጁ ባል አቀበልኩ። ሮጠ፣ ተጫነ፣ በቀኝ በኩል ሁለቴ፣ በግራ በኩል ደግሞ ሦስቴ። ፍሪስኮዎቹ አጠገባችን ገብተው፣ ጨርሰው፣ ሲወጡ እኛ ገና መኪናውን አላወረድንም። አለቃዬ የጆሮ ማዳመጫውን መሬት ላይ ሊፈጠፍጠው ደረሰ። የልጁ ባል ተመልሶ ግንቡ ላይ ሲቀመጥ ሚስቱ ወደተቀመጠችበት ቀና ብሎ አላየም።

ለሁለተኛ ጊዜ ግቡ የሚለው ትእዛዝ መጣ። ክሪኩን አነሣሁ። መኪናችን ከመታጠፊያው ሲወጣ ታየኝ፣ የልጁ ባል ከጎኔ እጁን ዘረጋ።

አላቀበልኩትም።

ግንቡን ዘለልኩ። ከኋላዬ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ፣ ከዚያ የሞተሩ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው። መኪናው ሳይቆም በፊቱ ዞርኩ፣ ክሪኩን ገፋሁት፣ ቦዩ ብረቱን ሲያገኝ ቀጭ ያለው በመዳፌ ተሰማኝ። ወደቅኩበት። አንዴ። መኪናው ተነሣ። መፍቻዎቹ ጮኹ፣ ያረጁት ጎማዎች ወጡ፣ አዲሶቹ ገቡ፣ አወረድኩ። ወደ ግራው ጎን ሮጥኩ፣ እንደገና ወደቅኩበት፣ እንደገና አንዴ። ጎማ የሚለውጡት ሁለቱ ልጆች ማን ክሪኩን እንደያዘ ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ያለኝ አንድ ነገር መጠበቅ ነው፤ የመጨረሻው ቡሎን እስኪጠብቅ። ሹፌሩ፣ ነዳጅ የሚሞላው፣ አለቃዬ፣ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ደግሞ እኔን ይጠብቃል። ቡሎኑ ጠበቀ። እጀታውን ለቀቅኩት፣ መኪናው መሬት ነክቶ ጎማውን እያጨሰ ወጣ።

አላሸነፍንም። ያሸነፉት ፍሪስኮዎች ናቸው። እኛ መሀል ላይ አንድ ቦታ ጨረስን።

ሞተሮቹ ሲጠፉ አለቃዬ መጣ። የልጁ ባል ከኋላው ነው። የሌሎቹ ቡድኖች ሰዎችም ዕቃ መሰብሰቡን ትተው ቆሙ።

"ማን ግቢ አለሽ?"

"አንተ።"

"ዛሬ አይሆንም ብዬሽ የለ?"

"ብለኸኛል፣ ሰምቻለሁ። እኔ የገባሁት ግን በመጀመሪያው ቃልህ ነው።"

 ሴት ልጁ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታዳምጣለች። ይሄኔ ድምፁን ዝቅ አደረገና ለስለስ ብሎ "በይ ክሪኩን ስጪኝ፣ ከባድ ነው፣ እኔ ልውሰደው" አለኝ፤ እጁንም ዘረጋ።

"የሚቀመጥበትን አውቃለሁ" አልኩት። በተሰበሰቡት ቡድኖች ሁሉ ፊት፣ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ፣ እስከ ተሳቢያችን ድረስ ራሴ እየጎተትኩ ወሰድኩት።